«ግዕዝ» ከኮምፒዩተሩ ጋር ይምጣ ወይስ ለብቻው ይጫን?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ነገር ብዙም አይለያይም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ባለጉዳይ፣ የሠርግ መጥሪያ የሚያሠራ ቤተሰብ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዝ ተማሪ ተራ ይጠብቃሉ። ለቤቱ አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ ደግሞ ጸሐፊዋ አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ግዕዝ ተጭኖበታል?»

በዚህ ገበያ «ግዕዝ» ሲባል የቅኔውና የቅዳሴው ልሳን ማለት አይደለም። አማርኛ ለመጻፍ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሶፍትዌር ነው። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት በስፋት ይታወቃሉ። የውጭዎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ለኢትዮጵያ ፊደል ቦታ ባልሰጡበት ዘመን፣ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ ማለትም 231 ሆሄያትን፣ ከሃምሳ በማይበልጡ የፊደል ቁልፎች ለማስጻፍ መላ የዘየዱት በአገር ውስጥም በውጭም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው።

መላው ግን ጣጣ ነበረው። ቀደም ያሉት ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ሆሄ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ሲሆን፣ አቀማመጡም እንደ ሠሪው ይለያያል። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ሌላው በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ደባርቅ ሰነዱን በፍላሽ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ጎንደር ላይ «አይነበብም» ከተባለ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ይመለሳል፣ ወይ በገጽ ሒሳብ ከፍሎ እንደገና ያስጽፋል። ቀጠሮው የፍርድ ቤት ከሆነ ጉዳቱ ከገንዘብም ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት በ3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ «ኒያላ» የተሰኘውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ አብሮ አስገባ። ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎ ነበር።

አላበቃም። አብሮ የመጣውን መጻፊያ ከማስተካከያው ውስጥ ፈልጎ ማብራት ያስፈልጋል። በሌላው አመታት ጣቱ የተፍታታ ጸሐፊም ለአንድ ገጽ ሲል እንደ አዲስ መማር አይሻም። በገጽ ለሚሠራ ሰው ፍጥነት እንጀራው ነውና! ስለዚህ ብዙዎቹ ቤቶች በለመዱት ቀጠሉ፤ ፓወር ግዕዝም ዩኒኮድን የተከተሉ ፊደሎች ይዞ ከገበያው አልወጣም።

ከዚህም በላይ፣ አብሮ የገባ ነገር ሁልጊዜ አብሮ ይቆያል ማለት አይደለም። በዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፤ የአማርኛውን ሆሄ የሚያሳየው «ኢብሪማ» የተባለ ሌላ ቅርጽ ነው። በኒያላ የተዘጋጀ ሰነድ ኒያላ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ይነበባል፤ ነገር ግን መስመሩ ሊዛነፍ፣ የገጹም ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ማውጫውን ሠርቶ ለጥረዛ የመጣ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ታዲያ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ተጨማሪ ሶፍትዌር ከዋናው ጋር አንድ ላይ ይሠራ ወይስ ለብቻው ይኑር? «ይሠራ» የሚሉት ምክንያት አላቸው። ገዢ ጫኝ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ሰነዱም በሄደበት ይነበባል። ዛሬ አማርኛ ለመጻፍ ምንም ሳይጫንበት ከሳጥኑ የሚወጣ የእጅ ስልክ ማግኘት መቻሉ የዚሁ ፍሬ ነው።

በሌላ በኩል የሠሪዎቹ እንጀራ አለ። የአይፎን ስልክ እ.ኤ.አ. በ2013 የእጅ ባትሪውን ከራሱ ጋር አድርጎ ሲመጣ፣ ያንኑ አገልግሎት ለብቻው የሚያቀርቡት ሰዎች ገበያቸው ተወሰደባቸው። የእጅ ባትሪ ግን ለሁሉም ያው ነው፤ በርቶ ይጠፋል። የጽሕፈት ልማድ እንዲህ አይደለም። በታይፕራይተር የሠለጠነው፣ በድምፁ የላቲን ቁልፍ እየመታ የሚጽፈው፣ በስልክ ያደገው ወጣት መንገዳቸው ለየቅል ነው። የአገር ቤቶቹ ሠሪዎች ደግሞ ቀድሞውንም ቢሆን የልፋታቸውን ዋጋ በወጉ አላገኙም፤ ሶፍትዌራቸው ፈቃድ ሳይገዛ በሲዲና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯልና።

መካከለኛ መንገድ ግን አለ። በአውስትራሊያ የተጀመረውን «ኪማን» የተባለ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ድርጅት ከያዘው በኋላ ለማንም በነጻ ክፍት ሆኗል። ኪማን አንድ ዓይነት አመታት አይጭንም፤ የየቋንቋው ባለሙያዎች የሠሩትን ተቀብሎ ያሠራል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ መጻፊያም በዚሁ ይገኛል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሆሄው፣ የሆሄው ቁጥርና ቢያንስ አንድ የሚነበብ የፊደል ቅርጽ ከኮምፒዩተሩ ጋር መምጣት አለባቸው፤ መጥተውም መቆየት አለባቸው። ያለ እነርሱ ሰነድ ከደባርቅ ጎንደር አይደርስም። አመታቱ ግን ለጸሐፊው ምርጫ ይተው፤ ዋናው ሶፍትዌርም ባለሙያዎቹ የሠሩትን ከነስማቸውና ከነዋጋቸው የሚያስገባበት በር ይኑረው።

እስከዚያው ድረስ በፒያሳ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁለቱንም፣ አንዳንዴም ሦስቱንም ጭነው ደንበኛ ይጠብቃሉ። የሚመጣው ፍላሽ በየትኛው «ግዕዝ» የተጻፈ ሰነድ እንደያዘ ሳይከፈት አይታወቅምና።