ሬክቲፊካ ቤት እንዴት ይመረጣል?

ጋራዥ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። የተበላ ሲሊንደር ማስፋት፣ ክራንክሻፍት ማስተካከልና የተጣመመ ቴስታታ ፊቱን ማቅናት የሬክቲፊካ ቤት ሥራ ነው። ባለመኪናው ግን ይህን ቤት ብዙ ጊዜ በዐይኑ አያየውም፤ ብሎኩን ጭኖ የሚወስደውም የሚመልሰውም መካኒኩ ስለሆነ፣ ምርጫው በመካኒኩ ትውውቅ ተወስኖ ያልቃል።

ቤቱን የሚያዩትም ቢሆኑ ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ አዲስነት ነው። በደንብ የተያዘ አሮጌ ማሽን ግን ዛሬም ቀጥ ያለ ሲሊንደር ያወጣል። መታየት ያለበት ልኬቱ ነው። ሲሊንደር ዙሪያውን እኩል አይበላም፤ የፒስተኑ የላይኛው ፋሻ የሚደርስበት ቦታ ይብሳል፣ ፒስተኑ የሚገፋው ጎንም ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር 24 ቁጥር ይወጣዋል። ቁጥሮቹ ወረቀት ላይ ካልሰፈሩ አልተለካም ብሎ መጠርጠር ነውር የለውም።

ዋናው ፈተና ግን ፒስተን ነው። በአሮጌ ሚኒባሶች የሚታወቀው የቶዮታ 2ኤል ሞተር የሲሊንደር ስፋቱ 92 ሚሊሜትር ነው። «0.50 ይስፋልኝ» ያለ ደንበኛ ቀዳዳው 92.50 ሲሆን ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። በፒስተኑ ካርቶን ላይ ያለው 0.50 ግን ደረጃ እንጂ የፒስተኑ ልክ አይደለም። ፒስተን ከቀዳዳው በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር መጥበብ አለበት፤ የክፍተቱም መጠን እንደ ሞተሩና እንደ ፒስተኑ አምራች ይለያያል። ደህና ባለሙያ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገዛው ፒስተን ጠረጴዛው ላይ ሳይቀመጥ ማሽን አያስነሳም። እያንዳንዱን ፒስተን አምራቹ ባዘዘው ከፍታ፣ ከስፒኖቶው (ከፒስተኑ ፒን) ጋር በ90 ዲግሪ በሚሻገር አቅጣጫ ለክቶ፣ በዚያ ልክ ላይ ክፍተቱን ጨምሮ ቀዳዳውን ያወጣል፤ የትኛው የትኛው ሲሊንደር ውስጥ እንደሚገባም ምልክት ያደርግበታል። «አንተ አስፋው፣ ፒስተኑን ኋላ እገዛለሁ» የሚል ባለመኪና በገዛ ገንዘቡ ግምት እየገዛ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ዘይት ይበላል፤ ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል።

ሙቀትም ልኬት ያሳስታል። 92 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ሲሊንደር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በ0.01 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ከማጠቢያ ትኩስ እንደወጣ የሚለካ ቤት፣ ያንን ስህተት ሞተሩ ሲነሳ ያገኘዋል።

ከማስፋት ቀጥሎ ሆኒንግ ይመጣል። በሆኒንግ ግድግዳው ላይ የሚቀሩት ተሻጋሪ ቀጫጭን ጭረቶች ዘይት ይይዛሉ፤ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሲሊንደር ደንበኛን ደስ ቢያሰኝም ጉድለት ነው። የሆኒንጉ ብናኝ ደግሞ በቤንዚን ብቻ አይለቅም፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። ለመፈተን ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘይት አስነክቶ ሲሊንደሩን መጥረግ ይበቃል፤ ጨርቁ ከጠቆረ ብሎኩ እንደገና ይታጠባል።

ቴስታታ ከመቅናቱ በፊት ስንጥቅ ይኑረው አይኑረው በግፊት ይፈተሻል። ብሎኩ ሲመለስ የተለካበት ወረቀት አብሮት ይመጣል፤ እስኪገጠምም ዝገት እንዳይጀምረው ሲሊንደሮቹ ዘይት ይቀባሉ።