የደረቀች አበባ ምን ትነግረናለች?
ዕፅዋትን በቤት ውስጥ አድርቆ የማቆየት ጥበብ ለጀማሪዎች

በመስከረም ወር አንዲት አደይ አበባ ቀጥፎ በደብተር ቅጠሎች መሐል ያላስቀመጠ ተማሪ ጥቂት ነው። ከወራት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ አበባዋ ደርቃና ተለጥፋ፣ ሆኖም መልኳን ይዛ ትገኛለች። ይህ የልጅነት ጨዋታ የሚመስል ድርጊት የዕፅዋት ሳይንስ ዋነኛ መሣሪያ ከሆነ ዘመናት አልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ በጥቂት ወጪ በቤታችን ልናዘጋጀው የምንችለውን የዕፅዋት ስብስብ አሠራር፣ የሚመሠረትበትን ሳይንስና ጠቀሜታውን እንመለከታለን።

ዘዴው ከየት መጣ?

ዕፅዋትን ተጭኖ በማድረቅና በወረቀት ላይ በመለጠፍ ለጥናት ማስቀመጥን ያስፋፋው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦሎኛና በፒሳ ያስተምር የነበረው ጣሊያናዊው ሉካ ጊኒ እንደሆነ ይታመናል። ዘዴው የሊቃውንት ብቻ ሆኖ አልቀረም። አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ኤሚሊ ዲክንሰን በተማሪነት ዘመኗ ያዘጋጀችው 424 ዕፅዋትን የያዘ መዝገብ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዓድዋ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በርካታ የደረቁ ናሙናዎችን ወደ አውሮፓ ልኳል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ዝግጅት የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነቶቹ ናሙናዎች ላይ ነው።

በማድረቅና በመበስበስ መካከል ያለው ሽቅድምድም

የለጋ ቅጠል አብዛኛው ክብደት ውሃ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላም በሕዋሶቹ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ሻጋታም እርጥበት እስካገኘ ድረስ ይራባል። ሁለቱም ያለ ውሃ መሥራት ስለማይችሉ የእኛ ተግባር ውሃውን ቀድሞ ማስወገድ ነው። ቅጠሉን ስንጫነው ሰፊው ገጹ ከወረቀቱ ጋር ይገናኛል፤ የወረቀቱ ቃጫዎችም ውሃውን ይመጡታል። ጋዜጣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ገጹ ስለማያብረቀርቅና ውሃ ስለሚመጥ ነው። ወረቀቱ ራሱ ሲርስ መምጠጡን ስለሚያቆም ግን በየጊዜው መለወጥ አለበት።

የቀለሙ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጎመን ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ደማቅ አረንጓዴነቱን አጥቶ ወደ ቡናማ የሚያደላው፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አሲድ ከሐመልማሉ (ከክሎሮፊሉ) የማግኒዥየም አቶም ስለሚነጥቅ ነው። ቀስ ብሎ በሚደርቅ ቅጠል ውስጥም ተመሳሳይ ለውጥ ይካሄዳል። የብዙ ቀይና ሐምራዊ አበቦች ቀለም የሆነው አንቶሳያኒንም በአሲድ መጠን ለውጥ መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ ፈጥኖ የደረቀ ናሙና ቀለሙን የተሻለ ይይዛል። የቀጥታ ፀሐይ ግን ቀለምን ስለሚያነጣ ማድረቁ በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይሁን።

አሠራሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ እንደ አደይ አበባ፣ ማገጥና ሣር ያሉ ስስ ዕፅዋትን ምረጡ። ሬትና ቁልቋልን የመሳሰሉት ውሃ አከማችተው ስለሚይዙ ለጀማሪ ያስቸግራሉ፤ የቁልቋል ወተትም ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። አስተናግር ደግሞ መርዛማ ስለሆነ አትንኩት። በአካባቢው ጥቂት ሆኖ የሚታየውን ተክል አትንቀሉ፤ ከብሔራዊ ፓርክም ሆነ ከሰው ይዞታ ያለ ፈቃድ አትውሰዱ።

1. ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ቅጠል፣ አበባና ከተቻለ ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጡ።
2. በጋዜጣ መሐል ዘርጉት። ቢያንስ አንዱን ቅጠል ገልብጡት፤ የጀርባው ገጽ ለመለየት ይረዳል።
3. ከላይና ከታች ካርቶን አድርጋችሁ በከባድ መጻሕፍት ወይም በድንጋይ ተጫኑት።
4. በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ። ስስ ዕፅዋት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃሉ።
5. መድረቁን ለማወቅ በጉንጫችሁ አስነኩት። ቀዝቀዝ ካለ ውሃ እየተነነ ሙቀት እየወሰደ ነውና ገና ነው።
6. በጠንካራ ነጭ ወረቀት ላይ በቀጫጭን የወረቀት ቁራጮችና በዱቄት ሙጫ አያይዙት። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ስለሚላቀቅ አይመከርም።

ነፍሳት እንዳይበሉት የደረቀውን ናሙና በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ለአንድ ሳምንት ያህል በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ማቆየት ይጠቅማል።

ጌጥን ማስረጃ የሚያደርገው መግለጫ

እስካሁን ያዘጋጀነው ውብ ጌጥ ነው። ሳይንሳዊ ማስረጃ የሚሆነው ግን ከወረቀቱ ግርጌ በምንጽፈው መግለጫ ነው። መግለጫው የተሰበሰበበትን ቀንና ቦታ፣ የአካባቢውን ሁኔታ (የወንዝ ዳር፣ የእርሻ ጠርዝ፣ ደን)፣ የተክሉን ቁመት፣ አበባው በለጋነቱ የነበረውን ቀለምና የሰብሳቢውን ስም ይይዛል። የአካባቢውን ስም ስትጽፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አመልክቱ፤ አንድ ተክል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተለያየ ስም ሊኖረው ይችላልና። ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑም ይገለጽ። ይህ ካልተጻፈ ናሙናው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ያስከትላል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ውድዋርድ በሄርባሪየም የተቀመጡ የዛፍ ቅጠሎችን በአጉሊ መነጽር መርምሮ፣ ቅጠሎች አየር የሚያስገቡባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች (ስቶማታ) ብዛት ባለፉት 200 ዓመታት 40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ለውጡን በከባቢ አየር ውስጥ ከጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አያይዞታል። ቅጠሎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ስለዚህ ጥያቄ አስበው አያውቁም ነበር፤ ነገር ግን ቀኑንና ቦታውን ጽፈው ነበር።

አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ያሏት ስትሆን፣ ከእነዚህም አንድ አሥረኛ ያህሉ በሌላ አገር አይገኙም። ግንባታና እርሻ በሚስፋፋበት በዚህ ዘመን፣ ዛሬ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የበቀለው ተክል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ስለመገኘቱ ዋስትና የለንም። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ከሚገኝ አንድ ተክል ጀምሩ፤ በየዓመቱም በዚያው ወር ተመልሳችሁ ማበብ አለማበቡን መዝግቡ። ጥቂት ጋዜጣ፣ ሁለት ካርቶንና አንድ እርሳስ ለመጀመር ይበቃሉ።