የማይዋሃዱ ፖሊመሮች ድብልቅ፦ ፍሰትና ውስጣዊ መዋቅር

የማይዋሃዱ ፖሊመሮች ድብልቅ ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የፕላስቲክ ዓይነቶች አብረው ቀልጠው ቢደባለቁም እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው የሚቀሩበት ቁስ ነው። ምክንያቱ የሞለኪውሎቹ ርዝመት ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች ሲቀላቀሉ የሚገኘው የኤንትሮፒ ጭማሪ በረጃጅም ሰንሰለቶች ላይ እጅግ ያንሳል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ጥቂት አለመስማማት ለመለያየት ይበቃል።

በኢትዮጵያ በልማድ «ሃይላንድ» የሚባለው የውሃ ጠርሙስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጠርሙሱ የሚሠራው ከፔት ሲሆን ክዳኑ ግን ብዙ ጊዜ ከፖሊኢቲሊን ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ቢቀልጡ ፖሊኢቲሊኑ በፔቱ ውስጥ በጠብታ መልክ ይበተናል። ጠብታዎቹ ትላልቅ ከሆኑና ከዙሪያቸው ጋር በደንብ ካልተያያዙ የሚወጣው ዕቃ በቀላሉ ይሰበራል። (ደግነቱ ፔት ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፖሊኢቲሊን ይንሳፈፋል፤ ከተፈጩ በኋላ በዚህ መንገድ መለየት ይቻላል።)

የጠብታዎቹን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው ፍሰቱ ነው። ፍሰቱ ጠብታውን ጎትቶ ያስረዝመዋል፤ በሁለቱ ፈሳሾች ወሰን ላይ ያለው የገጽ ውጥረት ደግሞ መልሶ ክብ ሊያደርገው ይታገላል። የሁለቱ ኃይሎች ንጽጽር ካፒላሪ ቁጥር ይባላል። የዚህን ጥናት መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ጂ. አይ. ቴይለር ሲሆን ሥራዎቹን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1934 ነው። ለምሳሌ ዝልግልግነቱ 1,000 ፓስካል-ሰከንድ የሆነ ቅላጭ ንብርብሮቹ በሰከንድ 10 በሆነ የመሸራተት ፍጥነት ቢፈስ 10,000 ፓስካል ውጥረት ይፈጥራል። የወሰኑ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.01 ኒውተን ከሆነ፣ ራዲየሱ 1 ማይክሮሜትር የሆነ ጠብታ የሚቋቋመው ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ኃይል ነው። በእንዲህ ያሉ ድብልቆች ውስጥ የማይክሮሜትር መጠን ያላቸው ጠብታዎች የሚበዙትም ለዚህ ነው።

ፍሰትን ማፍጠን ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ጠብታው ከዙሪያው ፈሳሽ ከ4 እጥፍ ገደማ በላይ ዝልግልግ ከሆነ በመሸራተት ፍሰት ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይቆረጥም፤ የሚቆርጠው የሚለጥጥ ፍሰት ነው። (ይህ ልክ የተገኘው በተራ ፈሳሾች ላይ ነው፤ ቅላጭ ፖሊመሮች ተለጣጭ ስለሆኑ ከዚህ ሊወጡ ይችላሉ።) በሌላ በኩል ጠብታዎች ሲጋጩ ተመልሰው ይዋሃዳሉ።

ግንኙነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል፤ መዋቅሩ በፍሰቱ ላይ ይነበባል። ድብልቁ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ጠብታዎቹ ተለጥጠው ይመለሳሉ፤ በዚህም ሁለቱም ፖሊመሮች ለየብቻቸው የማያሳዩት ተጨማሪ የመለጠጥ ባሕርይ ይታያል። ጠብታው ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በራዲየሱና በዝልግልግነቱ ይጨምራል፣ በገጽ ውጥረቱ ይቀንሳል። ፓሊየርን እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረበው ሞዴል አማካይነት፣ የገጽ ውጥረቱ ከታወቀ የጠብታዎቹ መጠን ያለ ማይክሮስኮፕ ሊሰላ ይችላል።

ፍሰቱ ሲቆም የረዘሙት ክሮች ወደ ጠብታነት መበጣጠስ ይጀምራሉ፤ ቅዝቃዜ ከቀደማቸው ግን እንዳሉ ይደርቃሉ። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተገፍቶ በተሠራ ዕቃ ላይ፣ ቶሎ በሚቀዘቅዘው ገጽ አጠገብ የተዘረጉ ክሮች፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ክብ ጠብታዎች የሚገኙት በዚህ የተነሳ ነው።