ባልደረባን መጠበቅ እስከ የት ይፈቀዳል?

በሳድል ሪጅ ሰፈር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ በመከር ወራት የትምህርት ቤቶች አገር አቋራጭ ሲጀመር ልጃችሁ «ጓደኛዬ ደክሟት ስለነበር ጠበቅኳት» ትላችሁ ይሆናል። ሕግ አፍርሳለች? አላፈረሰችም። ሯጭ በራሱ ውድድር ውስጥ ሆኖ ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ ለባልደረባው ነፋስ ቢከልል፣ እየተፈራረቀ ቢመራ የሚከለክለው የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከአቴንስ እናውቀዋለን። በ2004 እ.ኤ.አ. በኦሊምፒኩ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ የተረከዝ ጅማቱን የታመመው ኃይሌ ገብረሥላሴ ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። ኃይሌን ግን እግሩ አልታዘዝ አለው፤ አምስተኛ ወጣ። ወርቁን ቀነኒሳ፣ ብሩን ስለሺ፣ ነሐሱን ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ወሰዱ። ያ መጠበቅ ወርቁን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር። በእኔ እምነት ተገቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ዋጋውን ሊከፍሉ የተዘጋጁት ከራሳቸው እንጂ ከዘርሰናይ አልነበረም።

በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሞሮኳዊው ሃሙ ቡታየብ ዙር ከተደረበ በኋላ ከመሪዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ኬንያዊውን ሪቻርድ ቼሊሞን ማወክ ያዘ፤ የአገሩ ልጅ ኻሊድ ስካ አሸነፈ። የስካ ውጤት ተሰረዘ፣ በይግባኝ ግን ወርቁ ተመለሰለት። ስረዛው ቢጸና ኖሮ ነሐስ ያገኘው የእኛው አዲስ አበበ ብር ይወስድ ነበር። ቡታየብ የሚያጣው ደረጃ አልነበረውም፤ ያስከፈለው ሌላውን ነው።

የዓለም አትሌቲክስ ሕግም በውድድሩ የሌለ ወይም የተደረበ ሰው እንዳያሯሩጥ፣ ሯጭም ሯጭን ደግፎ ወደፊት እንዳያራምድ ይከለክላል። የወደቀን አንስቶ ማቆም ይፈቀዳል።

አገር አቋራጭ ደግሞ ሒሳብ አለው። ነጥብ የሚቆጠርላቸው አባላት ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ልጃችሁ 5ኛ መውጣት ስትችል ጠብቃ 12ኛ ብትገባ ቡድኑ 7 ነጥብ ከሰረ፤ ጓደኛዋ በእርዳታው ቢያንስ 7 ደረጃ ካላሻሻለች ጥበቃው ቡድኑን ጎድቷል። ይህን እያወቀች ብትጠብቅ መብቷ ነው። አሰልጣኝ ወይም ወላጅ «ጠብቂያት» ብሎ ሲያዝ ግን ያሳስበኛል፤ የወራት ልፋቷን የምትሰጠው እሷ ናትና። ስለዚህ ልጆቹ አብረው እስከ የትኛው ኪሎ ሜትር እንደሚሮጡ ከመነሻው በፊት ራሳቸው ይነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዋ ወድቃ ብታገኛት ታንሳት፤ መራመድ ካቃታት ዳኛ ትጥራ።