ከሥልጠና ርቆ የተመለሰ ሐኪም በተረኛ ሰሌዳው ላይ እንዴት ይቆጠር?

የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም (ሬዚደንት) በወሊድ፣ በሕመም፣ በምርምር ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለወራት ከሆስፒታል ርቆ ሲመለስ ምን ይደረግለት? ጥያቄው በየጊዜው ይነሣል፤ ሳይቋጭም ያልፋል። አንዱ ወገን የታካሚን ደኅንነት አንሥቶ ይከራከራል፣ ሌላው የሐኪሙን መብት። ሁለቱንም የሰማ አንባቢ ማንን እንደሚያምን ቢቸገር አይገርምም። ክርክሩ በአብዛኛው ሐኪሙ ምን ያህል ረስቶ ይሆን በሚለው ላይ ይቆማል። ለእኔ ግን ከመርሳቱ ይልቅ ሳይነገርለት የቀረው ነገር ይከብደኛል። ተመላሹ ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተረኛ ሰሌዳው ላይ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራል።

መርሳት መኖሩን ማንም አይክድም። የእንግሊዝ ሐኪሞችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የጠቅላላ ሕክምና ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጠናው የጥናቶች ዳሰሳ፣ ክህሎት ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየደከመ እንደሚሄድ ያሳያል። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ስል ነው፣ ቆይቶ ይለዝባል። ስለዚህ አራት ወር ምንም አያመጣም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዚያችው አገር የሕክምና ኮሌጆች መመሪያም ሦስት ወርን እንደ መለያ ወስዶ፣ ከዚያ በላይ ለራቀ ሐኪም የታሰበበት የአመላለስ ዕቅድ ይኑረው ይላል።

ይሁን እንጂ የሚረሳው ምኑ ነው? ከወሊድ የተመለሰች የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት የአድሬናሊን መጠን ስንት እንደሆነ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ትናገራለች። የሚቸግራት ሌላ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት የሚታይበት ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ተለውጧል። የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪው ከነበረበት ተነሥቷል። ማታ የራጅ ክፍሉን የሚያስከፍተው ሰው ስልክ አልተሰጣትም። አብራት የነበረችው ነርስ ተዛውራለች፤ አዲሷ ደግሞ አታውቃትምና ጥርጣሬዋን ደፍራ አትነግራትም። እነዚህ በአንድ ሳምንት የሚለመዱ ነገሮች ናቸው፤ ለመልመድ ግን ያ ሳምንት መሰጠት አለበት። በእንግሊዝ ሠልጣኞች በየጥቂት ወሩ ሆስፒታል ስለሚቀያየሩ ብዙዎቹ ተመላሾች የሚገቡት ከዚህ በፊት ሠርተው ወደማያውቁበት ሆስፒታል ነው።

በዚያ አገር ጥያቄውን ከሐኪሞች መንደር አውጥቶ አደባባይ ላይ ያቆመው የዶክተር ሀዲዛ ባዋ-ጋርባ ጉዳይ ነው። በሥልጠናቸው ስድስተኛ ዓመት ላይ የነበሩ የሕፃናት ሐኪም ሲሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የወሊድ ፈቃድ ላይ ቆይተው በቅርቡ ነበር የተመለሱት። ወደ ሌስተር ሮያል ኢንፈርመሪ ሲገቡም ኦሬንቴሽን አልተሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2011 አንድ የ6 ዓመት ልጅ በሳንባ ምች ሳቢያ በተከሰተ ሴፕሲስ እጃቸው ላይ ሞተ። ያን ዕለት አብሯቸው መግባት የነበረበት ሬዚደንት ሥልጠና ላይ ነበር። ሲኒየሩ ከከተማ ውጭ ሲያስተምሩ ዋሉ። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ተቋርጦ የደም ምርመራ ውጤት ለሰዓታት ዘገየ። ዶክተሯ የራሳቸውንም የሌላውንም ክፍል ይዘው ያለ ዕረፍት ዋሉ።

ጥፋት አልነበረም ማለቴ አይደለም። የልጁ ሕመም ምን ያህል ከባድ እንደነበር በጊዜ አልተረዱም፣ አንቲባዮቲኩ ዘግይቶ ተጀመረ፣ በመጨረሻም ልጁን ከሌላ ታካሚ ጋር አምታተው የልብና የትንፋሽ ማነቃቃቱን ለአጭር ጊዜ አስቁመዋል። ልጃቸውን ያጡት ወላጆች ቁጣ ለማንም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርድ ቤት በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላቸው፤ በ2018 መጀመሪያ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰረዙ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስረዛውን ሽሮ ቀድሞ ወደተወሰነው የአንድ ዓመት እገዳ መለሰው። በመሀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች ያን ቀን እሳቸውን ሆነው እንደተገኙ አድርገው አሰቡት። ከክርክሩ ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ርቀው የተመለሱ ሐኪም የሁለት ሐኪም ሥራ ይዘው ብቻቸውን እንዲውሉ ሰሌዳውን ያወጣው ማን ነው? ሰሌዳ ስም ስለማይጠራ ፍርድ ቤት አይቆምም።

እንግሊዝ መልስ አልሰጠችም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀማሪ ሐኪሞች የሥራ ውል ውዝግብ አገሪቱን ሲያምስ፣ ተመላሾችን መደገፍ ከድርድሩ ነጥቦች አንዱ ሆነ። ከዚያም በዓመት 10 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት የድጋፍ ፕሮግራም ተቋቋመ። ከ50 ሺህ ገደማ ሠልጣኞች ውስጥ በማንኛውም ጊዜ ከአሥሩ አንዱ በፈቃድ ከሥልጠና ውጭ እንደሚሆን ስለተገመተ፣ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች እንዳልሆነ መንግሥትም አምኗል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚርቅ ሠልጣኝ ከመሄዱ በፊት፣ ሊመለስ ሲልና ከተመለሰ በኋላ ከአሠልጣኙ ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል። ሲመለስም ለተወሰነ ጊዜ ቀረብ ያለ ክትትል ይደረግለታል። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ፈቃዷ ሳይቋረጥ እስከ 10 ቀን ድረስ ሥራ ቦታዋ እንድትገኝም የአገሪቱ ሕግ ይፈቅዳል።

እነዚህን አላጣጥልም። ጥርጣሬዬ ግን አለ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲነገር የሚደጋገመው “በራስ መተማመን” የሚለው ቃል ነው። ኮርስ ይዘጋጃል፣ በአሻንጉሊት ላይ የማነቃቃት ልምምድ ይደረጋል፣ አማካሪ ይመደባል። ሁሉም ይጠቅማል። ነገር ግን ችግሩ የሐኪሟ መተማመን ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ ሸክሙ ተመልሶ እሷው ላይ ይወድቃል፣ ሆስፒታሉም ሰሌዳውን ሳይነካ ይገላገላል። ገንዘብ ኮርስ ይገዛል፤ ማክሰኞ ሌሊት ሁለተኛ ሐኪም ሆኖ የሚያድር ሰው ግን ከሌለ የለም። ተመላሹን ከቁጥር ውጭ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ማሠራት ማለት ሌላው ተረኛ ተጨማሪ ሌሊት ይደር ማለት ነው። የሰው እጥረት ባለበት ክፍል መጀመሪያ የሚታጠፈውም ይኸው ዕቅድ ነው። አጣፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የመጪው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ባዶ ቦታ ስላለ ነው።

ይህ የሚያስከትለውን ማየት ከመነሻው ይበልጥ ይከብዳል። ሰሌዳው ላይ ሙሉ ሰው ተብላ የተቆጠረች ሐኪም “ይህን ብቻዬን መሥራት አልችልም” ብትል ሥራ የሸሸች ትመስላለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። ሌሊት ለሲኒየር መደወል ባለባት ሰዓት አትደውልም፤ ከደወለችም ታካሚው ከደከመ በኋላ ነው። አጠገቧ ያለው ባልደረባ የእሷን ድርሻ እየሸፈነ ይደክምና እሱም በተራው ይማረራል፣ መማረሩንም በእሷ ላይ ያሳያል። አንዳንዷ ከዚህ ሁሉ ልጅ መውለዱን ታዘገያለች፣ አንዳንዷ ሥልጠናውን ትታ ትሄዳለች። ያቺ ሐኪም ስትሄድ ዓመታት የፈጀው ሥልጠና አብሯት ይሄዳል፤ ለሁለት ሳምንት ከቁጥር ውጭ አላደርጋትም ያለው ሆስፒታልም ለዓመታት ያጣታል።

በእኛ አገር ነገሩ ቅርብ ነው። የወሊድ ፈቃድ በቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም ሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ነው። ፈቃዷን አሟልታ የምትጠቀም ሬዚደንት ሁሉ የእንግሊዞቹን የሦስት ወር መለያ አልፋ ትመለሳለች ማለት ነው። ጥቁር አንበሳን፣ ጎንደርን ወይም ጅማን የመሰለ ትምህርት ሆስፒታል ሌሊት ላይ በእጇ ነው፤ ዎርዱን የሚዞረው፣ ድንገተኛውን የሚቀበለው፣ ኢንተርኑን የሚያሠራው ዲዩቲ ያለው ሬዚደንት ነው። ሲኒየሩ በስልክ ይጠራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት መቋረጡም ሌላ ነገር ያስታውሰናል። ከሥልጠና መራቅ የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሳይፈልጉ የሚርቁም አሉ፣ እነሱ ደግሞ ከሕመምና ከሐዘን ጋር ይመለሳሉ።

እንደ እንግሊዝ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የለንም። በዚህ ምክንያት ብቻ ግን ምንም አይቻልም ማለት ትክክል አይደለም። ከመሄዷ በፊት አንድ ሰዓት ተቀምጦ የመመለሻዋን ቀን ከሰሌዳው ጋር ማስተያየት ወጪ የለውም። በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃሉን፣ የመድኃኒቱን ጋሪና የራጅ ክፍሉን ስልክ ማሳየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወጪ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሌሊቱ። እሱን ለአንዲት ባልደረባ ደግነት መተው አይገባም፤ የክፍሉ ደንብ ሆኖ ለምትወልደውም፣ ለሚታመመውም፣ ለሚሰደደውም እኩል መጻፍ አለበት። ደንብ ሲሆን የሚያግዘው ባልደረባም ነገ የእሱ ተራ እንደሚደርስ ያውቃል።

የሬዚደንቶችን ሰሌዳ የምታወጡ ቺፍ ሬዚደንቶችና የክፍል ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከሦስት ወር በላይ ርቃ የተመለሰችን ሐኪም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሌላ ሬዚደንት ስም ጎን ጻፏት፤ ብቻዋን አታሳድሯት።