ስሙን ያልጠየቅኩት ወታደር

እዚህ ፎርት ዎርዝ፣ ቤታችን ውስጥ በጫማ ካርቶን የተቀመጠች አንዲት የቪዲዮ ካሴት አለችን። በላይዋ ላይ በእጄ ጽሑፍ «አዲግራት፣ ፋሲካ» ይላል እንጂ ዓመተ ምሕረት እንኳን የለውም። ዘመኑን ግን አልረሳውም፤ እ.ኤ.አ. 2000 ነበር። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያና የኤርትራ መልእክተኞች አልጀርስ ላይ ፊት ለፊት ሳይገናኙ በአደራዳሪዎች በኩል ይነጋገሩ ነበር። እኔና ባለቤቴ ደግሞ እናቷን ለመጠየቅ ትንሿን ካሜራ ይዘን አዲግራት ገባን።

እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራዬን የያዝኩት ጦርነት ፍለጋ ነበር። ስመለስ ለወዳጆቼ ታንክና መድፍ ላሳይ ጓጉቼ ነበር። ወደ ዛላምበሳ የሚወስደውን መንገድ መቅረጽ ስጀምር አንድ ወታደር በትሕትና «ጋሼ፣ እሱን ይዝጉት» አለኝ፤ ዘጋሁት። ስለዚህ ካሴቷ የያዘችው ሌላ ሌላውን ነው። አማቴ ዶሮ ሲበልቱ ይታያል፤ ከድንበር ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ልጆች ካሜራው ፊት ይሻማሉ። ከበስተጀርባ ሬዲዮ ይሰማል። የአልጀርስ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ የአማቴ ቢላዋ እንኳን ይቆማል።

ከዚያ ልጁ ይመጣል። ሻይ ቤት በር ላይ ያገኘሁት፣ ጺሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ወታደር ነው። አማርኛዬን ሲሰማ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። በዚህ ነገር ሰላምታ ያድርሱልኝ» አለኝ። ቀረጽኩት። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ሽማግሌዎቹ እያስታረቁን ነው፤ ለክረምት እመጣለሁ» ይልና ይስቃል። ለገዛ እናት ስም አይነገርምና ስሙን አልጠራም። እኔም አልጠየቅኩትም። «አድራሻዋን ነገ ጽፌ አመጣለሁ» ብሎኝ ነበር። በነጋታው ብጠብቀው አልመጣም፤ ጦሩ ቦታ ለውጧል አሉኝ።

የአልጀርሱ ንግግር በሜይ መጀመሪያ ያለ ውጤት ተበተነ። ሜይ 12 ቀን ጦርነቱ እንደገና ፈነዳ። ተኩስ ለማቆም ጁን 18 ተፈረመ፤ የሰላሙ ስምምነት ደግሞ ዲሴምበር 12፣ እዚያው አልጀርስ። እስከዚያ ድረስ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቆ ነበር።

አንድ ቀን ካሴቷን ከኤርትራዊ ጎረቤታችን ጋር አየናት። ልጁ ሲስቅ ጎረቤታችን አንገቱን ደፋ፤ የእሱም ወንድም ከግንባሩ ማዶ ነበር። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ባለቤቴ ቡና ደገመችለት።

እ.ኤ.አ. በ2022 ድርድሩ ፕሪቶሪያ ላይ ሲካሄድማ እንዲህ ያለች ካሴት እንኳን አልነበረችንም። ካሜራ በየኪሱ ባለበት ዘመን፣ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ባለቤቴ የእህቶቿን ድምፅ ሳትሰማ ወራት ተቆጠሩ። ኖቬምበር 2 ቀን ስምምነቱ ሲፈረም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስልኩ መቼ ይከፈታል?» የሚል ነበር።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት የተቀመጠ ካሴት ካለ፣ የቪዲዮ ክር በዕድሜ ይበላሻልና ሳይዘገይ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁም ጻፉበት። አገር ቤት ስትሄዱ ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ከቀረጻችሁ በኋላ ደግሞ ስም ጠይቁ። ታንክና መድፉን ጋዜጠኛው ያነሳዋል። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» የሚለውን ግን ከመንገደኛ በቀር የሚቀርጽለት የለም።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የእኔ አደራ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ልጁ በሕይወት ተርፎ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ካሴቷን አስገልብጫታለሁ። የምልክበት ስም ግን የለኝም።