የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና የወሊድ መከላከያ ኪኒን

አንዲት እመቤት ሕመም ሲያገኛት ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ትውጣለች፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒኗንም እንደ ልማዷ ትወስዳለች። ሁለቱ በአንድ ሆድ ሲገናኙ ይጣሉ ይሆን ብላ ግን ብዙ ጊዜ አትጠይቅም።

እንደ አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ያሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች የኪኒኑን ኃይል አይቀንሱም፤ ስለዚህ በከንቱ መሥጋት አያስፈልግም። ብርቱ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካስከተሉ ብቻ ኪኒኑ ወደ ደም ሳይገባ ሊቀር ይችላል።

ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው፣ ሽንትን የሚያቀላው ሪፋምፒሲን ግን ከእነዚህ የተለየ ነው። ጉበት የኪኒኑን ሆርሞን ፈጥኖ እንዲያፈርስ ያደርጋልና፣ ኪኒኑ አንድ ቀን ሳይታለፍ ቢዋጥም እርግዝና ሊደርስ ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም መከላከያ እንዲሁ ይዳከማል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ ካበቃም በኋላ ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው እስኪመለስ 4 ሳምንት ያህል መጠንቀቅ ይገባል።

በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌና በማኅፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ በሪፋምፒሲን አይነኩም። እንግዲህ ሕክምናውን የምትጀምር እመቤት በምን እንደምትከላከል ለሐኪሟ ሳታፍር ትንገር፤ ባልም ይህን ዐውቆ ይርዳት። እርግዝናን በመፍራት የነቀርሳውን መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነውና ፈጽሞ አይገባም።